የኢየሩሳሌም ገበያና የመዝጊያዎቹ ሥዕሎች

ቅድስት ሀገርን ሊሳለም የሚነሣ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ በልቡ የሚያስባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ጎልጎታ፣ ዴር ሡልጣን፣ ደብረ ዘይት፣ ቤተ ልሔም። የአትክልት ገበያ ለማየት ብሎ ከቤቱ የሚወጣ የለም። እኔም በ2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ከአክስቴ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ስሄድ ገበያ አያለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ዳሩ ግን አክስቴ አርባ ዓመት ሙሉ በመርካቶ፣ በበርበሬ በረንዳ ቅመም ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸውና፣ በደረስን በአራተኛው ቀን፣ «ልጄ፣ መቃብሩን ተሳለምሁ፣ ስእለቴንም አደረስሁ፤ አሁን ደግሞ እነዚህ ሰዎች ምን እየበሉ እንደሚኖሩ አሳየኝ» አሉኝ።

ያረፍንበት ቤት የኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ይህ ክብ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ዘመን ተጀምሮ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1893 እ.ኤ.አ. መፈጸሙን ከአንባብያን ብዙዎች ያውቁታል። ብዙ ተሳላሚ የማያስተውለው ግን ከዚያ ደጅ ተነሥቶ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል የሄደ ሰው የከተማዪቱን ትልቁን የምግብ ገበያ የሚያገኝ መሆኑን ነው። እኛም ዓርብ ሚያዝያ 4 ቀን በጥዋት ተነሥተን ወደ ነቢያት መንገድ ወጣን። በዚያም ንግሥት ዘውዲቱ ያሠሩት ቤት አለ፤ በግንባሩ ላይ የይሁዳ አንበሳ በልዩ ልዩ ቀለም ጠጠር ተገጣጥሞ ይታያል። አክስቴ ቆም ብለው እጅ ነሡት። በዚያ ቀን ያየነው የመጀመሪያው የመንገድ ሥዕል እርሱ ነበረ።

መሪያችን ወደ ገበያው በሚያስገባው በያፎ መንገድ ትጠብቀን ነበር። በእስራኤል አገር ጎብኚ ለመምራት ከመንግሥት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው፤ ፈቃዱም የሚገኘው የአገሩን ታሪክና መልክዐ ምድር ለረዥም ጊዜ ተምሮ ፈተና በማለፍ ነው። እርስዋም ምልክቷን በአንገቷ አንጠልጥላለች። ከእኛ ሌላ ከአሜሪካና ከጀርመን የመጡ ዘጠኝ ጎብኚዎች ነበሩ፤ ለእነርሱ በእንግሊዝኛ ነግራ ስትጨርስ፣ ለእኛ በጎንደር ለዛ በአማርኛ ትደግምልናለች። ይህች ሴት በግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ዘመቻ ሰሎሞን በተባለው ጉዞ፣ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተወሰዱ ጊዜ፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች ናት። አክስቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ጉንጯን ስመው፣ «ታዲያ አንቺ የኛ ልጅ ነሽ» አሏት። ከዚያ በኋላ ለዘጠኙ ፈረንጆች መሪ ብትሆንም ለአክስቴ ልጅ ሆነች።

ገበያው መሐኔ ይሁዳ ይባላል፤ ትርጓሜው የይሁዳ ሠፈር ማለት ነው። እኛ ነገደ ይሁዳን ለማዘከር የወጣ ስም መስሎን ነበር፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። መንደሩን በ1887 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነው ዮሴፍ ናቮን በወንድሙ በይሁዳ ስም ሰየመው። ከያፎ እስከ ኢየሩሳሌም የምድር ባቡር እንዲሠራ ያደረገውም ይኸው ዮሴፍ ናቮን ነው። በቱርኮች ዘመን ከመንደሩ አጠገብ ቫሌሮ የተባለ ቤተሰብ ባዶ መሬት ነበረው፤ የአካባቢው የዐረብ ገበሬዎች ያመረቱትን እያመጡ በዚያ ይቸበችቡ ነበር። ገበያው ያለ ሥርዐት እየሰፋ፣ ጽዳቱም እየጐደለ ስለ ሄደ፣ እንግሊዞች በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነጋዴዎቹን አስነሥተው ቋሚ መደብ ሠሩበት። በ1931 በምዕራብ በኩል ሌላ ክፍል ተጨመረ፤ በኋላም ከኢራቅ የመጡ አይሁድ ብዙ ሱቆችን ስለ ያዙ እስከ ዛሬ የኢራቅ ገበያ ይባላል። ክፉ ቀንም አይቷል፤ ሐምሌ 30 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በፈነዳ ቦምብ 16 ሰዎች ሞተውበታል።

ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ሰማይ የሚታይበት ሰፊ መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጣራ ያለው ዔጽ ሐዪም ነው። መሪያችን ይህን ስም ልትተረጉምልን ስትጀምር አክስቴ ቀደሙና «ዕፀ ሕይወት ነዋ!» አሏት። ዕብራይስጡና ግእዙ እንዲህ እንደ እኅትማማች ተቀራርበው ሲገኙ ደስ ያሰኛል። ሁለቱን መንገዶች የሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ የፍሬ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ አንዱ ፖም፣ አንዱ ኮክ፣ አንዱ ለውዝ። ለውዝ ስል የአሮን በትር ያፈራችውን ማለቴ ነው እንጂ እኛ አገር ተቆልቶ በየመንገዱ የሚሸጠውን ኦቾሎኒ አይደለም።

በጉብኝቱ መጀመሪያ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ካርድ ታደለን። በየሱቁ በደረስን ቁጥር ባለሱቁ ካርዱን በመብሻ ይበሳና ቅምሻውን ይሰጣል። ችግሩም እዚህ ላይ ተነሣ። ዕለቱ ዓርብ፣ ሱባዔው የገብር ኄር ሳምንት፣ ሰዓቱም ከጥዋቱ 4 ሰዓት ነበር። በመጀመሪያ የቆምነው ሐላዋ ከሚሸጥበት መደብ ፊት ሲሆን፣ ሐላዋው እንደ አምባ ተቆልሎ፣ ሻጩ በረዥም ቢላዋ እየቈረሰ ያድላል።

«እማማ፣ ይህን አይፍሩት፤ ሰሊጥና ስኳር ብቻ ነው፤ ወተትም ቅቤም አልገባበትም» አለቻቸው መሪያችን።

«አውቃለሁ ልጄ። ነገር ግን ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

መሪያችን ለሻጩ በዕብራይስጥ ነገረችው። እኔ የተናቀ መስሎት ይቈጣል ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን አክስቴን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተና፣ ለሌሎቹ ከሰጠው ሦስት እጥፍ የሚሆን ቈርጦ በወረቀት ጠቀለለላቸው። (እኔ መንገደኛ ነኝ በሚል ምክንያት አንዲት ቍራሽ ቀምሻለሁ። አክስቴ አዩኝ እንጂ ምንም አልተናገሩም፤ ቢናገሩኝ ይሻል ነበር።)

ሐላዋ እንዴት እንደሚሠራ እመቤቶች ማወቅ ይሹ ይሆናል። ሰሊጡ ተፈትጎ ቅርፊቱ ከወጣለት በኋላ ይቈላል፤ ከዚያም በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ እንደ ወፍራም ዘይት የሚፈስስ ነገር ይሆናል፤ ይህም ጣሂና ይባላል። በሌላ ብረት ድስት የፈላ ስኳር እስኪነጣ ድረስ ይመታና ከጣሂናው ጋር ይታሻል። ሲቀዘቅዝ ጭረት ጭረት እያለ የሚፈረፈር ይሆናል። አክስቴ ከመደቡ ዳር ከነበረው ጆንያ ጥቂት ሰሊጥ በመዳፋቸው ዘግነው፣ በአውራ ጣታቸው አሽተው፣ አሸተቱና «ይህ የሑመራ ነው» አሉ። ባለሱቁ ከንግግሩ ሁሉ «ሑመራ» የሚለውን ቃል ለይቶ ሰማና ፊቱ በራ። በእውነቱም ከእኛ አገር የሚሄደው የሑመራ ሰሊጥ በዚያ አገር ጣሂና ሠሪዎች ዘንድ እጅግ የተመሰገነ ነው። አክስቴም ከዚያ ወዲያ በገበያው ውስጥ የሚሄዱት እንደ እንግዳ አልነበረም።

አንድ ነገር በዚህ ላይ ልጨምር፤ ወደዚያ ለሚሄዱ ጾመኞች ይጠቅማልና። አይሁድ ሥጋና ወተት እንዳይቀላቀሉ ስለሚጠነቀቁ፣ ከሁለቱም ነጻ የሆነውን ምግብ ፓርቬ ይሉታል። ከእኛ ወገን ብዙዎች ይህን ቃል ሲሰሙ የጾም ምግብ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ዕንቍላልና ዓሣም በፓርቬ ይቈጠራሉ። ለሰንበት የሚገዛው የተጐነጐነ ዳቦ ብዙውን ጊዜ ዕንቍላል አለበት። ስለዚህ «ፓርቬ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ዕንቍላልስ?» ማለት ያስፈልጋል። አክስቴ ይህን በሁለተኛው ሱቅ ዐውቀው በሦስተኛው ራሳቸው ይጠይቁ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው። ወይራ በየዓይነቱ፣ ተምር፣ የሮማን ጭማቂ፤ ዛዕታር የሚሉት ከሰሊጥ ጋር የተደባለቀ ቅጠል፣ አክስቴ «ጦስኝ መሳይ» ያሉት። በኢራቅ ገበያ ሽማግሌዎች ገበጣ መሳይ ጨዋታ እየተጫወቱ ተቀምጠዋል፤ በላምባ ምድጃ ላይ በተጣዱት ታላላቅ ድስቶች ውስጥ ኩቤ የሚባለው ሥጋ የተሞላ ድብልብል ሊጥ በቀይ ሥር መረቅ ይንተከተካል። እኛ ራቅ ብለን ቆምን። አክስቴ ካርዳቸውን በየሱቁ እያስበሱ፣ ቅምሻውን በወረቀት እያስጠቀለሉ ወደ ዘንቢላቸው ይጨምሩ ነበር፤ በየሱቁም ከቅምሻው ሌላ በገንዘባቸው ጥቂት ነገር ሳይገዙ አያልፉም። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው፣ «ደጁን ዘግተንበታል፤ ታዲያ በነጻ ነውን?» አሉኝ።

ይህን የተናገሩበት ምክንያት ኋላ ገባኝ። ከጠባቦቹ መተላለፊያዎች በአንዱ አንድ አረጋዊ አትክልት ሻጭ ነበሩ፤ ቤተሰባቸው ከኩርዶች አገር የመጣ ነው። እኛ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ሆነን በፊታቸው ቆመን መሪያችን ስታስረዳ፣ አንዲት እመቤት በመንኰራኵር የሚጐተት ዘንቢል ይዛ ልታልፍ ፈለገች፤ መንገድ አጣች፤ ተቈጥታም ወደ ሌላ ሱቅ ሄደች። አረጋዊው እያዩዋት በዝግታ አንድ ነገር ተናገሩ። መሪያችን ፊቷ ቀላ፤ ለፈረንጆቹም አልተረጐመችም። አክስቴ ግን አጥብቀው ስለ ጠየቋት ነገረቻቸው። «ቲማቲሜን ፎቶግራፍ የሚያነሣው ብዙ ነው፤ የሚገዛው ግን እርስዋ ነበረች» ማለታቸው ነበር።

ከዚያም አረጋዊው ብዙ አወሩን። በግራቸው ያለው ሱቅ ቀድሞ ድንች፣ በቀኛቸው ያለው ዓሣ ይሸጥበት ነበር፤ አሁን ሁለቱም መጠጥ ቤቶች ሆነዋል። ገበያው ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት በቡና ቤቶችና በማታ ዘፈን ስሙ ሲወጣ ጎብኚ በዛ፤ ጎብኚው ሲበዛ ኪራይ ጨመረ፤ ካሮት እየሸጡ ያን ኪራይ መክፈል ደግሞ የማይቻል ሆነ። መሪያችንም በበኩሏ የምትለው ነበራት፤ ከቦምቡ በኋላ ሰው ፈርቶ ሲቀር ገበያውን መልሶ ያቆመው ይህ እንግዳ ነው፤ እርስዋም ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነው። ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር። አክስቴ አንዱንም አላወገዙም፤ አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ አንድ ኪሎ ዝኵኒ መዘኑ። ወዲያው ዓይናቸው በአረንጓዴ ጠጕራም ፍሬ ላይ ዐረፈ። ዛጐሉ ገና ያልጠነከረ፣ ከነቅርፊቱ የሚበላ የለውዝ እሸት ነበር፤ በዚያ አገር በሚያዝያ ይደርሳል። አረጋዊው አንድ ዕፍኝ ሰጧቸውና ገንዘቡን አልቀበልም አሉ።

እስካሁን ስለ ሥዕሎቹ አለመናገሬ ስለ ረሳሁ አይደለም፤ እኛም በዚያ ሰዓት አላየናቸውም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በገበያው ያሉ ሱቆች ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት መዝጊያ አላቸው። በለንደን የተወለደ ሰሎሞን ሱዛ የሚባል ወጣት ሠዓሊ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ፣ ገበያው በተዘጋ ሌሊት እየመጣ በእነዚህ መዝጊያዎች ላይ ከቆርቆሮ በሚነፋ ቀለም የሰው መልክ ይሥል ጀመረ። በጥቂት ዓመታትም ከ200 የሚበልጡ መዝጊያዎችን በሥዕል ሞላቸው። እናቱ ሠዓሊ ናት፤ አያቱም በጎዋ ተወልዶ በ2002 ያረፈው የታወቀው የህንድ ሠዓሊ ፍራንሲስ ኒውተን ሱዛ ነው። የሣላቸው ሰዎች የመንግሥት መሪዎች፣ ረቢዎችና ሊቃውንት ናቸው፤ አንዳንዱ ባለሱቅም የገዛ ወላጁን ያሣለበት አለ።

ስለዚህ ምግቡን የሚያይ ሰው ሥዕሉን አያይም፤ ሥዕሉን የሚያይም ምግቡን አያገኝም። መሪያችን በየሱቁ አናት ወደ ተጠቀለለው ብረት እያመለከተች፣ «እዚህ ውስጥ እገሌ አለ» ስትለን፣ ፈረንጆቹ አንገታቸውን አቅንተው የሚያዩት ዝገት ብቻ ነበር። እኔን የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ፤ በዚያ ቅዱሳት ሥዕላት በመጋረጃ ተሸፍነው ይቈዩና ሕዝቡ ለጸሎት ሲሰበሰብ ይገለጣሉ። በዚህ ገበያ ግን ሰው ሲሰበሰብ ሥዕሉ ይሸፈናል፣ ሲበተን ይገለጣል። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ማታ ለሥዕሎቹ ብቻ የሚደረግ ጉብኝት አለ፤ ነገር ግን ወደ መጠጥ ቤትነት የተለወጡት ሱቆች ማታ ክፍት ስለሚሆኑ፣ የእነርሱ መዝጊያ አይወርድም። እንግዲህ ሥዕሎቹ እንግዳ ጠሩ፤ እንግዳው መጠጥ ቤቱን አበዛ፤ መጠጥ ቤቱም ሥዕሎቹን መልሶ ጠቀለላቸው ማለት ነው። ሁሉም በአንድነት የሚታዩት በሰንበት ዋዜማ ማታና በሰንበት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ መሪያችን ሰንበትን ስለምትጠብቅ አትሠራም።

በ2020 እ.ኤ.አ. ጸደይ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው በተዘጋ ጊዜ ሥዕሎቹ ቀንም ሌትም ወርደው፣ የሚያያቸው ሳይኖር ሰነበቱ። መሪያችን ያን ጊዜ ፎቶግራፍ ልካልን ነበር፤ ሙሉው መንገድ በሁለት ወገን የተሰለፈ የሰው ፊት፣ በመካከሉም አንዲት ድመት። ከጥቅምት 2023 ጦርነት በኋላ ደግሞ የውጭ አገር ጎብኚ እጅግ ስለ ቀነሰ፣ አትክልት ሻጩ ያማረሩበት መጨናነቅ ራሱ የሚናፈቅ ሆነ።

ወደ ዕለቱ ልመለስ። ከቀትር በኋላ ግፊያው በረታ፤ ፋሲካቸው ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበርና ሸማቹ ከወትሮው የበዛ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ጥቁር የለበሱ ሰዎች መለከት እየነፉ፣ «ሰንበት ቀረበ፣ ዝጉ» እያሉ በመንገዱ አለፉ። የሻጮች ድምፅ ይበልጥ ከፍ አለ፤ ዋጋውም ወረደ። መሪያችን ልትሰናበተን አክስቴን ሳመችና፣ «እማማ፣ ሥዕሎቹን ማየት ከፈለጉ ማታ ራስዎ ይምጡ፤ እኔ ግን አልችልም» አለች። አክስቴም፣ «ሰንበትሽን አክብሪ ልጄ፤ እኛ ዓይን አለን» አሏት።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ማረፊያችን ተመልሰን ዘንቢሉን ዘረገፍነው። ሌሎቹ ጎብኚዎች በሦስት ሰዓት እየተዘዋወሩ የቀመሱትን አክስቴ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ባርከው፣ ለሁለት ጐረቤት ተሳላሚዎችም አካፍለው በሉ። ሐላዋው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡና፣ «ስኳሩ በዝቷል፤ ሰሊጡ ግን የኛ ነው» ብለው ፈረዱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ አርባ ደቂቃ ሲቀራት በከተማው ሁሉ የሰንበት ጡሩምባ ይነፋል። እርሱን ሰምተን ተነሣን። ባቡሩ ቆሟል፤ በያፎ መንገድ ልጆች በሐዲዱ መካከል ይሄዳሉ። ገበያው ስንደርስ ታጥቦ ነበር፤ ድንጋዩ ርጥብ ነው፤ የተረገጠ ጐመን ሽታ ብቻ ቀርቷል። በሁለቱም ወገን መዝጊያው ሁሉ ወርዶ ፊቶቹ ቆመዋል። ከፊቶቹ ሥር ያለው ጽሕፈት ዕብራይስጥ ስለሆነ አንዱንም ማንበብ አልቻልንም። ዳቪድ ቤን ጉሪዮንን ከሁለት ወገን በተነሣው ነጭ ጠጕራቸው ለየኋቸው፤ አክስቴ ግን «እኒህ ሰውዬ ሳያበጥሩ ነው የወጡት» ብለው አለፉ። መነጽር ያደረገውን መላጣ ግን ከእኔ በፊት ዐወቁት። «ጋንዲ ነው! ሦስቱን ልጆቼን የወለድሁበት ሆስፒታል ባለስም።» የቀሩትን እንደ መሰላቸው እየሰየሙ ሄዱ፤ ይህ ነጋዴ፣ ይህ መምህር፣ ይህችኛዋ ብዙ ያለቀሰች።

በጠባቡ መተላለፊያ የአትክልት ሻጩን ሱቅ ፈለግን። ቦታውን ያወቅነው ደጁ ላይ በቀረው ባዶ የእንጨት ሣጥን ነው። በመዝጊያው ላይ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጢሙ አጭር፣ ግንባሩ የተኰማተረ ሰው ተሥሏል። አባታቸው ይሁን አያታቸው የሚነግረን አልነበረም። አፍንጫው ግን የአረጋዊው አፍንጫ ነው፤ ዓይኑም ጥዋት ያችን እመቤት ሲያዩ እንደ ነበሩት ዓይኖቻቸው፣ የሚሄድ ሰው የሚከተል ይመስላል። አክስቴ ሣጥኑን ገልብጠው ተቀመጡበት። ነጠላቸውን ፈተው የለውዙን እሸት አወጡ፤ ቈጠሩት፤ ዐሥራ አንድ ነበረ። አምስቱን ለእኔ ሰጥተው ስድስቱን ለራሳቸው አስቀሩና፣ በዚያ ሰው ፊት ቀስ ብለው ይቈረጥሙ ጀመር።